«ማሚ፣ እዚያ ሻርክ አለ?»

ወደ ሞምባሳ ወይም ወደ ዛንዚባር ለመሄድ ሻንጣ በሚዘጋጅበት የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ከልጆች አፍ የማይጠፉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንዱ «ዋይፋይ አለ?» ነው። ሁለተኛው «ሻርክ አለ?» የሚለው። የመጀመሪያውን ሆቴሉ ይመልስልናል። ለሁለተኛው ግን አብዛኞቻችን «ኧረ የለም፣ አይዞሽ» ብለን ልብስ ማጣጠፋችንን እንቀጥላለን። ልጅቷ ደግሞ አታምነንም፤ ዩቲዩብ ላይ አይታዋለች።

ልክ ነች። አለ። ሻርክ የሌለበት ውቅያኖስ የለም። በሕንድ ውቅያኖስ አለ፣ በቀይ ባህር አለ፣ በሜዲትራኒያን አለ። ስለዚህ ለልጅ የሚሰጠው እውነተኛ መልስ «አለ፣ ግን…» የሚል ነው። በዚህ ወር አምዳችን የምናወራው ስለዚያ «ግን» ነው። ምክንያቱም እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ባህር የምናየው አልፎ አልፎ ነው፤ ባህር ላይ ምን እንደሚያስፈራና ምን እንደማያስፈራ ከእናት ከአባት አልወረስንም። የወረስነው ከፊልም ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። በአሜሪካ የፍሎሪዳ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከመላው ዓለም የሚደርሱ የሻርክ ንክሻዎችን አንድ በአንድ እያጣራ የሚመዘግብ ክፍል አለው። ይህ ክፍል ሰው ሻርኩን ሲያጠምድ፣ ሲመግብ ወይም ሲነካካ የደረሱትን ለብቻ ያስቀምጥና፣ ሰው በሰላም ሲዋኝ የደረሱትን ለብቻ ይቆጥራል። በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ዙሪያ በሰላም እየዋኙ ወይም ሞገድ እየጋለቡ የተነከሱት 69 ነበሩ፤ ከእነሱ 10 ሞተዋል። በ2024 ንክሻው ወደ 47 ወረደ፤ የሞቱት 4 ናቸው። ይህ የአንድ አገር ወይም የአንድ ዳርቻ ቁጥር አይደለም። የመላው ዓለም የዓመት ድምር ነው። ከ47ቱ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሆኑት በአሜሪካ የደረሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ሻርክን «ዓሣ ነባሪ» ሲል እሰማለሁ። ዓሣ ነባሪ ሌላ ነው፤ ዮናስን ዋጠው ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው፣ በሳንባው የሚተነፍሰው፣ ልጁን የሚያጠባው ግዙፍ የባህር እንስሳ። ሻርክ ግን ዓሣ ነው። በአማርኛ የለመድነው የራሱ ስም ስለሌለው «ሻርክ» ብለን እንጠራዋለን። አያቶቻችን የሚፈሩት የውሃ አውሬ አዞና ጉማሬ ነበር፤ እነሱ ደግሞ በሚገባ የሚፈሩ ናቸው።

ታዲያ በዓመት አንድ አውቶቡስ የማይሞላ ሰው የሚነክስ እንስሳ እንዴት የመላው ዓለም ቅዠት ሆነ? መተዳደሪያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ከሌላው ይልቅ ይስበኛል። በ1975 የበጋ ወቅት ስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በቴሌቪዥን ያለማቋረጥ ይተዋወቅ ነበር። ለቀረጻው የተሠራው ሜካኒካል ሻርክ ደግሞ ውሃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ ዳይሬክተሩ ዓሣውን ብዙ ሳያሳይ፣ በሙዚቃና በውሃው ገጽ ብቻ ማስፈራራት ነበረበት። ውጤቱ የባሰ ሆነ። ሰው ያላየውን ነገር ራሱ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ጥቁር ክንፍ ውሃ ላይ ሲታይ ሙዚቃው በጭንቅላታችን ውስጥ ይጀምራል። ፊልሙ የተመሠረተበትን ልብ ወለድ የጻፈው ፒተር ቤንችሊ በ2006 እስኪሞት ድረስ የኋለኛውን ዘመኑን ሻርኮች እንዲጠበቁ በመሟገት ነው ያሳለፈው። ቢሆንም የእሱን ሙግት የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሙዚቃውን የማያውቅ የለም።

በሥራችን አንድ የታወቀ ነገር አለ፤ ምስል ያለው ብርቅ ነገር ምስል የሌለውን የዘወትር ነገር ያሸንፈዋል። ሻርክ ምስል አለው። ጥርስ አለው፣ ክንፍ አለው፣ ሙዚቃ አለው። ጸጥ ብሎ ወደ ጥልቁ የሚወስድ የውሃ ጅረት ግን ፖስተር የለውም።

ይሁን እንጂ «ፍርሃቱ የፊልም ነው» ብሎ መዝጋትም ትክክል አይመስለኝም። እውነት የሆነባቸው ቦታዎችና ወቅቶች አሉ። እነዚያን ቦታዎች ስናይ አንድ ነገር ደጋግሞ ብቅ ይላል፤ ከሻርኩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ሰው አንድ ነገር አድርጓል።

የሻርም ኤል ሼኩን ታሪክ እንመልከት። በ2010 ኅዳር ማብቂያ ላይ በዚያች የግብፅ የመዝናኛ ከተማ በሁለት ቀን ውስጥ አራት አገር ጎብኚዎች በሻርክ ተነክሰው ክፉኛ ቆሰሉ። ዳርቻዎቹ ተዘጉ። ባለሥልጣናቱ ሁለት ሻርኮች አስይዘው አስገደሉና «አበቃ» ብለው ዳርቻውን ከፈቱ። የአካባቢው ጠላቂ ዋናተኞች ግን ፎቶግራፍ አነጻጽረው «የገደላችሁት ያኛውን አይደለም» ይሉ ነበር። ዳርቻው በተከፈተ በማግስቱ አንዲት ጀርመናዊት አዛውንት ከዳር ብዙም ሳይርቁ እየዋኙ ሳሉ ተገደሉ። የክፍለ ሀገሩ ገዥ «የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሻርክ ልኮብን ሊሆን ይችላል የሚለውም የማይሆን ነገር አይደለም» የሚል አስተያየት እስከ መስጠት ደረሱ፤ ዓለም ሳቀ። የሚያስቅ ግን አልነበረም። ባለሙያዎቹ የሰጧቸው ምክንያቶች ይበልጥ የሚያሳፍሩ ነበሩ። በዚያ ዓመት የዓረፋ በዓል የዋለው ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ለበዓሉ በግ የጫነ መርከብ በመንገድ የሞቱበትን በጎች ወደ ባህሩ ጥሏል ተባለ። ከዚያም በላይ አስጎብኚዎችና ጎብኚዎች ለፎቶ ብለው ለዓሣ ምግብ እየወረወሩ ሻርኮቹ ሰውና ምግብ አንድ ላይ እንደሚመጡ እንዲማሩ አድርገዋል። የባህሩ ዓሣ ደግሞ ከልክ በላይ ስለተጠመደ ርቦታል።

የእኔን ቀልብ የያዘው ግን ዳርቻው የተከፈተበት ፍጥነት ነው። ሆቴሎቹ ሙሉ ነበሩ፤ የገና ገበያ ደርሶ ነበር። «ጆውስ» ውስጥ ያለው ከንቲባም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የማርኬቲንግ ሰው ሁሉ ይህን ጫና ያውቀዋል። ቤተሰብ ይዛችሁ የምትሄዱ እናንተ ግን ልታውቁት የሚገባው ሌላ ነው፤ የመዝናኛ ቦታ «ደህና ነው» ሲላችሁ የሚናገረው ደህንነቱን የሚከታተለው ሰው ነው ወይስ አልጋ የሚሸጠው?

ወደ እኛ ስንቀርብ ሞቃዲሾ አለች። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ የሞቃዲሾ ዳርቻ በሻርክ ስሙ ጠፍቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ሞቶበታል። በባህሩ ዳር የነበረው ቄራ ደምና የዕርድ ተረፈ ምርት ወደ ውሃው ይለቅ ነበር። የቄራ አካባቢ ጅብ እንደሚሰበሰብ ለማወቅ የባህር ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባህሩም ያው ነው።

ከሰሜን ደግሞ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሐዴራ አለች። ከከተማዋ ዳርቻ ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሙቅ ውሃ ወደ ሜዲትራኒያን ይለቃል፤ በቀዝቃዛው ወቅት ሻርኮች ሙቀቱን ፈልገው ይሰበሰባሉ። ሰዎቹ ደግሞ ሻርኮቹን ፈልገው ተሰበሰቡ። ዋናተኛው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ቪዲዮ ቀራጩ፣ ምግብ ወርዋሪው አንድ ላይ ሆኑ። ዓመታት ያለ ጉዳት አለፉ። በ2025 ሚያዝያ ግን አንድ ዋናተኛ ሰው እያየው ተገደለ። እነዚያ ሻርኮች በዓለም ላይ ሰው በመግደል ስማቸው ከሚነሳው ከነጩ ሻርክ፣ ከነብር ሻርክና ከቡል ሻርክ ወገን እንኳ አይደሉም።

ደቡብ አፍሪካ ደርባን ሌላ መንገድ መርጣለች። ከታኅሣሥ 1957 እስከ ሚያዝያ 1958 ባለው ጊዜ ውስጥ በዚያው ክፍለ ሀገር ዳርቻዎች ዘጠኝ ጥቃት ደርሶ ስድስት ሰው ሞተ። ወቅቱ እስከ ዛሬ «ጥቁር ታኅሣሥ» ይባላል። ደርባን ራሷ ከ1952 ጀምሮ መረብ ስለነበራት ሌሎቹ ተከተሏት፤ ጉዳዩን የሚመራ ተቋምም በ1964 ተቋቋመ። መረቡ ግን ባህሩን እንደ አጥር አይዘጋም፤ ሻርኩን ይይዘዋል፣ ከሱም ጋር ኤሊና ዶልፊን ይገድላል። ለዚህ ነው እዚያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ክርክሩ እስከ ዛሬ ያልተቋጨው።

አሁን ወደ ሻንጣችን እንመለስ። አዲስ አበቤ በአብዛኛው የሚሄደው ሻርም ወይም ደርባን አይደለም። ከሦስት ሰዓት ባልበለጠ በረራ የሚደርስበት ሞምባሳ፣ ዲያኒ፣ ዛንዚባር ነው። እነዚህ ዳርቻዎች አንድ ትልቅ ዕድል አላቸው። ከዳርቻው ብዙ መቶ ሜትሮች ርቆ፣ አንዳንድ ቦታ ከኪሎ ሜትር በላይ፣ ከባህሩ ጋር ትይዩ የሆነ የኮራል ግንብ አለ። አሸዋው ላይ ቆማችሁ ወደ ውቅያኖሱ ስትመለከቱ ሞገዱ የሚሰበርበት ነጭ መስመር ይታያችኋል፤ ግንቡ እሱ ነው። ከግንቡ ወዲህ ያለው ውሃ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ መሰል ነገር ነው፤ ባህሩ ሲጎድል ጉልበት የማይደርስበት ቦታ ብዙ ነው። ትልቅ ሻርክ እዚያ ገብቶ የሚሠራው ብዙ የለውም። በቀይ ባህር በኩል ያሉት የግብፅ መዝናኛዎች ግን አሠራራቸው ሌላ ነው። ኮራሉ ከዳርቻው አጠገብ ይጀምርና ወዲያው ወደ ጥልቅ ይወርዳል፤ ከሆቴሉ የእንጨት ድልድይ ጫፍ ላይ ዘላችሁ ስትገቡ ከበታቻችሁ ያለው ክፍት ባህር ነው። ክፍት ባህር ውስጥ የሚኖረው ሻርክ እዚያ ድረስ ቢመጣ አይገርምም። ሁርጋዳ አካባቢ በ2022 ሁለት ሴቶች፣ በ2023 አንድ ወጣት በሻርክ ሞተዋል። ስለዚህ «ባህር» ብሎ ነገር የለም፤ የትኛው ባህር፣ የትኛው ዳርቻ ብሎ መጠየቅ ነው።

ሻርክን በተመለከተ መጠንቀቅ የሚገባው ሁሉ ጥቂት ነው። ሻርክ የሚያድነው በአብዛኛው በማለዳ፣ በምሽትና በሌሊት ስለሆነ በነዚያ ሰዓቶች ውሃ ውስጥ አለመግባት። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ወንዝ ከሚገባበት ደፍራሽ ውሃ መራቅ፤ ቡል ሻርክ የሚወደው እሱን ነው። ዓሣ አጥማጆች ዓሣ ከሚያጸዱበት አጠገብ አለመዋኘት። ለብቻ ርቆ አለመሄድ። እንደገናም ወርቁን ሆቴል መተው! የአንገት ሐብልና የእጅ አምባር ውሃ ውስጥ ሲያብለጨልጭ የትንሽ ዓሣ ቅርፊት ይመስላል። (ከሻርኩ በላይ ሞገዱ ይወስደዋል፤ እሱም ሌላ ሐዘን ነው።) ምናልባት አንድ ሰው ቢነከስ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ የደም መፍሰስ ነው። ከውሃው እንዳወጡት ቁስሉን በፎጣም በምንም አጥብቆ መጫን፣ እጅ ወይም እግር ከሆነ ከቁስሉ በላይ ጠብቆ ማሰር፣ ከዚያ ሐኪም። ከተነከሱት አብዛኞቹ በሕይወት ይተርፋሉ።

በቃ። ስለ ሻርክ ለቤተሰብ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ቀሪውን ቦታ ስለ ውሃው ልጠቀምበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ ገምቷል። ከእነሱ ሩብ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። እዚህ ላይ አንባቢን ማታለል አልፈልግም፤ 4ን ከ300,000 ጋር አስተያይቶ «አያችሁ!» ማለት ቀላል ነው፣ ግን ፍትሐዊ አይደለም። የሰመጡት በባህር ብቻ አይደለም፤ በወንዝ፣ በጉድጓድ፣ በኩሬ፣ በጎርፍ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በግዴለሽነት ሲወረወር ምን እንደሚሆን የኮኮናት ታሪክ ያሳያል። «በዓመት 150 ሰው ከዛፍ በሚወድቅ ኮኮናት ይሞታል፣ ከሻርክ ይበልጣል» የሚለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ከጀርባው ምንም ቆጠራ የለም። እንዲስፋፋ ያደረገው አንድ የእንግሊዝ የጉዞ ኢንሹራንስ ኩባንያ በ2002 ያወጣው ጋዜጣዊ መግለጫ ነው። ኢንሹራንስ ለመሸጥ! እንደ ሙያ አድንቄያለሁ፤ እንደ መረጃ ግን ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ንጽጽሩን ትተን ሁኔታውን እንየው። ብዙዎቻችን መዋኘት አንችልም። አፍ አውጥተን አንናገረውም እንጂ እውነቱ ያ ነው። ላንጋኖ እንሄዳለን፤ ቢልሃርዚያ የለበትም ብለን እንመርጠዋለን፣ ልክ ነው፤ ግን ቡናማው ውሃ ከክንድ በታች ያለውን አያሳይም፣ አንድ ልጅ ከአጠገባችሁ ቢሰምጥ የት እንደገባ አታዩም። ቢሾፍቱ ባቦጋያ እንሄዳለን፤ በእሳተ ገሞራ አፍ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፣ ከዳር ጥቂት ሲራመዱ እግር መሬት ያጣል፣ ጥልቁ ከ60 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ሻርክ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ማንም አይፈራም።

መስጠም በፊልም እንደምናየው አይደለም። ፊልም ላይ የሚሰምጠው ሰው እጁን ያወናጭፋል፣ «ድረሱልኝ» ይላል። በእውነቱ የሚሰምጥ ሰው አይጮህም። አፉ ከውሃ በላይና በታች እየተመላለሰ ስለሆነ የሚተነፍስበት እንጂ የሚጮህበት አየር የለውም። እጁ ወደ ጎን ተዘርግቶ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል፤ አካሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ይህ የሚቆየው ከ20 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ነው። ከሩቅ ሲታይ ቆሞ የሚጫወት ይመስላል። ለዚህ ነው አሥር ዘመድ በተሰበሰበበት የሆቴል ገንዳ ዳር ልጅ የሚጠፋው። ሁሉም እያየ ነው፤ ሁሉም ሌላው የሚጠብቀው ይመስለዋል።

ይህን በተመለከተ የማምንበት አንድ አሠራር አለ። ጠባቂው በስም ይጠራ። «ከአሁን እስከ ስድስት ሰዓት አንተ ነህ» ይባል። የተጠራው ሰው ስልኩን ያስቀምጣል፣ ቢራውንም ያቆያል፣ ከልጁ የክንድ ርቀት ያህል ይሆናል። ሰዓቱ ሲያልቅ ለሌላው አስረክቦ ይሄዳል። የቤት ሠራተኛዋን ወይም የ12 ዓመቱን ታላቅ ወንድም «ልጆቹን እያየሽ፣ እያየህ» ብሎ መተው ጥበቃ አይደለም፤ መዋኘት የማይችል ሰው የሚያደርገው ነገር ቢኖር ተከትሎ መግባት ነው።

ሞምባሳና ዛንዚባር ላይ ደግሞ የደጋ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ፤ ባህሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይጎድላል ወይም ይሞላል፤ በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን በጉድለቱና በሙላቱ መካከል ያለው ልዩነት በኬንያ ዳርቻ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ጠዋት በደረቅ አሸዋ እየተራመዳችሁ ኮከብ ዓሣ እያነሳችሁ የሄዳችሁበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ከራስ በላይ ውሃ ይሆናል። ውሃው የሚሞላው ከፊት ብቻ አይደለም፤ በዝቅተኛው ቦታ ዞሮ ከኋላችሁም ይመጣል፣ እናንተ ከፍ ባለው አሸዋ ላይ ቆማችሁ ፎቶ ስትነሱ መመለሻው ይዘጋል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚገፋ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም። የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ «ታይድ ቴብል» ብላችሁ ብትጠይቁ የዕለቱን ሰንጠረዥ ያሳዩአችኋል። ልጆቻችሁ ትንንሽ ከሆኑና ቀኑን ሙሉ መዋኘት ከፈለጋችሁ ከዛንዚባር ሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ይሻላሉ፤ እዚያ ውሃው ብዙ አይርቅም።

ሲጎድል ደግሞ ያ ሁሉ ውሃ በኮራሉ ግንብ መካከል ባሉ ክፍተቶች ነው የሚወጣው። በር እንደተከፈተለት ሕዝብ ነው። ጅረቱ ጠንካራ ነው፤ ከዚያ አጠገብ መዋኘት አያስፈልግም። ግንብ በሌለበት ዳርቻ ደግሞ ሪፕ ከረንት የሚሉት አለ፤ ሞገዱ ወደ ዳር የገፋው ውሃ በጠባብ መንገድ ተሰብስቦ ወደ ውስጥ ሲመለስ ማለት ነው። በዙሪያው ሞገድ እየተሰበረ ያ ቦታ ብቻ ጸጥ ያለ ስለሚመስል ሰው «እዚህ ይሻላል» ብሎ የሚገባው እዚያው ነው። ወደ ታች አይጎትትም፤ ወደ ውስጥ ይወስዳል። የሚገድለው ሰው ከሱ ጋር ሲታገል ደክሞ ነው። የያዘው ሰው ወደ ዳር ለመዋኘት መሞከሩን ትቶ በጀርባው ይንሳፈፍ፣ ትንፋሹን ይሰብስብ፣ ከዚያ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጎን ይዋኝ። ጅረቱ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ሲዋኙ ያልቃል። ያላዋቂ ሰው ግን ይህን ምክር ይዞ እንዳይገባ፤ መንሳፈፍ የማይችል ሰው ወገቡ ከደረሰበት ማለፍ የለበትም።

ስለ ጊዜውም ላንሳ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ የምንሄደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በስዋሂሊ ዳርቻ ያ ወቅት «ኩሲ» የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ወቅት ነው፤ ባህሩ ይናወጣል፣ የባህር አረም ዳሩን ይሞላዋል፣ ውሃው ይደፈርሳል። በተቃራኒው «ካስካዚ» በሚነፍስበት ከኅዳር በኋላ ባህሩ ይረጋል። የገና ሰሞን ዕረፍት ያለው ቤተሰብ ቢችል ያኔ ቢሄድ ይመረጣል። ዋጋው ግን ያኔ ውድ ነው፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ገበያ ላይ ስላሉት በአየር የሚነፉ የጎማ ዳክዬዎችና ፍላሚንጎዎችም ልናገር። ለፎቶ ያምራሉ። ባህር ላይ ግን ሸራ ናቸው። ነፋስ ከየብስ ወደ ባህር ሲነፍስ ልጁን ይዘው ይሄዳሉ፣ ከኋላ የሚዋኝ አባት አይደርስባቸውም። ለገንዳ ይሁኑ። ክንድ ላይ የሚታሰሩት የአየር ከረጢቶችም የደህንነት ዕቃ አይደሉም፤ ወላጅን የሚያዘናጉ መጫወቻዎች ናቸው። የሚሠራው ከደረት የሚታሰር፣ በልጁ ክብደት ልክ የተገዛ ላይፍ ጃኬት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ትምህርት። አዲስ አበባ ውስጥ የዋና ትምህርት ርካሽ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎችና ክለቦች የሚጠይቁት ለሁለት ለሦስት ልጅ ሲባዛ ያስደነግጣል። ነገር ግን ለአራት ሰው የአውሮፕላን ትኬት፣ ለአምስት ሌሊት ሆቴልና ለአዳዲስ የዋና ልብስ የከፈለ ቤተሰብ ከሁለት ወር በፊት ለዋና አስተማሪ መክፈል አቃተኝ ቢል ቅደም ተከተሉን አልቀበለውም። ከቸገረ ጉዞው በአንድ ዓመት ይዘግይ። እናቶችም ተማሩ። «ፀጉሬ» የሚለውን ምክንያት በሚገባ እረዳለሁ፣ የሚረባ የዋና ኮፍያ አለ።

ይህን ሁሉ ካነበበች በኋላም ሻርኩን ካልረሳችው ልጅ ጋር መታረቂያው መንገድ ምናልባት ማሳየት ነው። ጅቡቲ ቅርብ ናት። በታጁራ ባህረ ሰላጤ፣ አርታ የባህር ዳርቻ አካባቢ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በየዓመቱ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ። ዌል ሻርክ የዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፤ ሲያድግ ከ12 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፣ ጅቡቲ የሚመጡት ግን በአብዛኛው ገና ያላደጉት ናቸው። አፉን ከፍቶ እየዋኘ የሚመገበው በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ የውሃ ነፍሳትን ነው። ሰው አይነክስም። ቆዳው ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች እንደ ጣት አሻራ ናቸው፤ ተመራማሪዎች አንዱን ከአንዱ የሚለዩት በእነሱ ነው። ደንቡ አለመንካት፣ ከፊቱ አለመግባት፣ ከጭራው መራቅና ምግብ አለመወርወር ነው። ምግብ የሚወረውር አስጎብኚ ካያችሁ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ከመሳፈራችሁ በፊት ደግሞ በጀልባው ላይ ያለውን ላይፍ ጃኬት አውርዳችሁ ልጃችሁን አልብሳችሁ እዩት፤ ትከሻውን ይዛችሁ ወደ ላይ ስትስቡት በአገጩ ሾልኮ ከወጣ ልኩ አይደለም፣ የራሱን ከቤት ይዛችሁለት ሂዱ።